የፋርማሲው ሰርቨር ቀን

ሳልቀሰቅስህ ወጣሁ። ብቀሰቅስህ አፌን መግታት አልችልም ነበር፤ ሳልነግርህ በመውጣቴ ይቅርታ።

ባለ ፋርማሲዋ እትዬ ጠዋት ደውለው ነበር። ጊዜው ያለፈበት ሽሮፕ ሸጠው ደንበኛ መልሶ አመጣባቸው። «ኮምፒውተሩ ጊዜው አላለፈም ይለኛል ልጄ፣ ምን ነካው?» አሉኝ።

ምን እንደነካው አንተ ታውቃለህ። ያስገባንላቸው ሶፍትዌር የሙከራ ጊዜው ባለቀ ቁጥር፣ ላይሰንሱን እንደመግዛት የሰርቨሩን ቀን ወደ ኋላ ትመልሰዋለህ። ሰርቨሩ ምን ያድርግ? የመድኃኒቱንም ጊዜ አንተ በነገርከው ቀን ነው የሚቆጥረው።

«ማን ያየናል?» ትለኝ ነበር። እትዬ ፊት ቆሜ ሶፍትዌሩ ሕጋዊ ነው ብዬ የማልኩት ግን እኔ ነኝ። አንተማ ከወንበርህ ሳትነሳ ነው የምትሠራው።

እሳቸው ጋ ሄጃለሁ። ቀኑን አስተካክዬዋለሁ፤ መድኃኒቱን አንድ በአንድ አብረን እንፈትሻለን። አንተ ከቤት ሆነህ ሰርቨሩን እንዳትነካ። የይለፍ ቃሉን ቀይሬዋለሁ፣ አትልፋ።

ይህንኑ ሶፍትዌር ላስገባንላቸው ለጋራዡና ለዳቦ ቤቱም ራስህ ደውልና ንገራቸው። ከእንግዲህ በእኔ አፍ አይሆንም።

የኩሽናው ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል። ባልዲው ሲሞላ ድፋው።

ሌላም የምለው ነበረኝ።
ይቅር።

ብቻ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጥከው የእናትህ የዓይን ጠብታ ከእትዬ ፋርማሲ ነው የተገዛው። ዛሬ ልትልክላቸው አልነበር? ከመላክህ በፊት ጠርሙሱ ላይ የታተመውን ቀን አንብብ።
እሱ ግን ወደ ኋላ አይመለስልህም።