ገመዱ ላይ ድምፅ አይሰጥም

ፈላስፋው ወንድሜ፣ ከነክርክርህ እንዴት ሰነበትክ?

ያረፍኩበት ሕንፃ ነዋሪዎች ትናንት ስለ ሊፍቱ ተሰብስበው ነበር። መካኒኩ "ገመዱ ሊበጠስ ነው፤ እስኪቀየር ይቁም" ብሏቸዋል። መጨረሻ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ እግራቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ግን "ሊፍቱ ከቆመ እኔ እስረኛ ነኝ! ገመዱ ደህና ነው፤ ካላመናችሁ ድምፅ እንስጥ" አሉ። አንዳንዱ አዝኖላቸው እጁን ሊያወጣ ሲል ስብሰባውን የምትመራው ልብስ ሰፊ ሴት ሳቅ አለችና "አባባ፣ ሁላችንም እጃችንን ብናወጣ ገመዱ አይጠነክርም። እርስዎ እንዴት ይውጡ፣ እንዴት ይግቡ በሚለው ላይ ግን የሁሉም ሐሳብ ያስፈልገናል" አለቻቸው።

አንተ ብትኖር "እውነት አንድ ናት!" ብለህ ስብሰባውን እዚያው ትዘጋው ነበር፤ እኛን ዝም እንደምታሰኘን። እዚህ ግን ጨዋታው የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ በወንበር እንሸከማቸው አለ፤ ሌላዋ ልጃቸው ዘንድ ይክረሙ አለች። ሽማግሌው "ዕቃ አይደለሁም!" ብለው ተቆጡ። በመጨረሻ፣ ስትነታረካቸው ያመሸችው፣ ምድር ቤት የምትኖረው ነርስ "በሉ እስኪጠገን ቤት እንቀያየር፤ እኔ እንደሆነ እግር አላጣሁም" አለች። ሽማግሌው "አበቦቼንስ ውሃ ታጠጪልኛለሽ?" አሏት።

ዛሬ አልጋቸውን ካወረዱት አንዱ እኔ ነኝ፤ ወገቤ እስካሁን አልቀና አለኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እማማን ሳምልኝ፤ ልጆቹንም። ይህን ለባለቤትህ አንብብላትና እሷ ያለችውን ጻፍልኝ። ያንተንማ አውቀዋለሁ።