ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያለው ሽቦ

ጥቅምት 2

አናጢው ዛሬ ጨረሰ። ቁምሳጥኑ ከወለል እስከ ጣሪያ ግድግዳውን ሞላው። እንዴት እንደሚያምር! ባለቤቴ ከሥራ ገብቶ በሮቹን ሲከፍት ሲዘጋ ቆየና «ይሄማ ቁምሳጥን አይደለም፣ አንድ ክፍል ነው፤ እናከራየው» አለኝ። ሳቅን።

አናጢው እጁ ወርቅ ነው፣ አፉ ደግሞ አያርፍም። የአማቱን ጉድ አንድ በአንድ ዘረገፈልኝ። እኔም... እውነቱን ለመናገር አልሰለቸኝም። መሀል ላይ «እመቤት፣ ይሄ ሽቦ ምንድነው?» አለኝ። ከጣሪያው ጥግ ወርዶ ግድግዳውን ታክኮ የሚሄድ፣ በላዩ ቀለም የተቀባበት ቀጭን ሽቦ። ከቀድሞ ተከራዮች የቀረ መሰለኝ። «የሞተ ነው፣ ቁረጠው» አልኩ። ቆረጠው። ወደ አማቱ ወሬ ተመለስን።

ጥቅምት 4

እማማ ቆቅ መጡ። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ቅጠል ሲወድቅ ይሰማሉ፤ ማን መቼ ገባ፣ ማን ከማን ተኮራረፈ፣ ሁሉን ያውቃሉ። ፊት ለፊት ግን «እማማ» ብቻ ነው የምንላቸው። ማን ይደፍራል?

«ልጄ፣ ስልኬ ዲዳ ሆነብኝ።»

ሞባይላቸው መስሎኝ ነበር። የቤቱ ስልክ ነው። ያ ጥቁሩ፣ በዳንቴል የሚሸፍኑት።

«ከመቼ ጀምሮ እማማ?»

«ከትናንት ወዲያ። ጠዋት ከዳቦ ቤቱ ሰውዬ ጋር ተጨቃጭቄበታለሁ እኮ! ከሰዓት ሳነሳው ጭጭ።»

ከትናንት ወዲያ... ክው አልኩ።

የእኔና የእሳቸው ቤት ድሮ አንድ ቤት ነበር። አከራዮቹ ናቸው መሀሉን በስስ ግድግዳ የከፈሉት። ያ ሽቦ በእኔ በኩል ገብቶ ነዋ ወደ እሳቸው የሚሻገረው። የሞተ ነው ያልኩት...

«መስመር ይሆናል እማማ፣ ሰሞኑን ሁሉም ጋ ይቋረጣል» አልኩ። ከየት አመጣሁት? አፌ ከእኔ ቀድሞ ዋሸ።

ጥቅምት 5

አናጢው ጋ ደወልኩ። ሽቦው መቀጠል ይችል እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ቁምሳጥኑ ካልተነሳ እጅ አይገባም። ከግድግዳው ጋር ነው የመታሁት፤ ይነሳ ካልሽ ደግሞ ጀርባው ይሰነጠቃል። ተይው፣ ማን ያየዋል?»

ማን ያየዋል... ለባለቤቴ ምን ብዬ ልንገረው? ይሄ ቁምሳጥን እንዲሠራ ስንት ጊዜ ነው የነዘነዝኩት። ግን መንገር ነው። ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።

ጥቅምት 6

አልነገርኩም።

ጥቅምት 8

እሁድ። እማማ ከምሳ በኋላ መጥተው ሳሎን ተቀመጡ። እንደ ሁልጊዜው የሰፈሩን ወሬ ያመጣሉ ብዬ ስጠብቅ ዝም። እጃቸውን ያፋትጋሉ።

«ይሄኔ እቴቴ እየደወለች ነው» አሉ።

እቴቴ ታላቅ እህታቸው ናቸው። ሌላ ከተማ መጦሪያ ውስጥ ነው ያሉት። መርሳት ይዟቸዋል። የልጆቻቸው ስም ይጠፋባቸዋል፣ ምሳ በልተው «ምሳ አትሰጡኝም?» ይላሉ። ይሄን የቤት ቁጥር ግን አይረሱም። በየእሁዱ ስልኩ አጠገብ ሲያስቀምጧቸው ራሳቸው ይደውላሉ።

«ጣቷ ነው የሚያስታውሰው እንጂ ጭንቅላቷ አይደለም» አሉኝ እማማ። «የእህቴ ልጅ ሞባይል ገዝታልኝ መሳቢያ ውስጥ አለ። እሷ የማታውቀው ቁጥር ምን ያደርግልኛል?»

በእኔ ሞባይል እንደውልላቸው አልኩ። የመጦሪያው ተንከባካቢ አነሳችና እቴቴን አቀረበችልን። ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«እቴቴ፣ እኔ ነኝ!»

«ማነሽ?»

«እህትሽ!»

«እህቴ አትደውልልኝም። እኔ ነኝ የምደውልላት። ወይዘሮ፣ ተሳስተሻል።» ጠረቀሙት።

እማማ ሞባይሉን እንደ ብርቅ ዕቃ በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። «አየሽ? እሷ ስትደውል ብቻ ነው እህቷ የምሆነው።»

ያኔ ነበር መናገር። አፌን ከፈትኩ... «ማክሰኞ ስልክ ቢሮ አብረን እንሄዳለን» የሚል ወጣ። ሳሙኝ። ሳሙኝ!

ጥቅምት 10

ስልክ ቢሮ። ሰልፉ እስከ ደረጃው። እማማ ዝም ብለው የሚሰለፉ ሴት አይደሉም፤ ከፊት ያለውን ከኋላ ካለው አስተዋወቁ። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ።

«ይቺን ልጅ አያችኋት? ሥራዋን ጥላ ነው ከእኔ ጋር የምትንከራተተው። የወለዱት እንኳ እንዲህ አይሆንም።»

«ጎረቤት ነች?» አለች አንዷ።

«ጎረቤት ትላለች እንዴ! ልጄ ናት።»

ሴትየዋ ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩበት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሠራተኛ እንልካለን ተባልን።

ጥቅምት 13

ሠራተኛው መጣ። መሰላሉን ተሸክሞ፣ ቀበቶው ላይ የመሣሪያ መዓት ተንጠልጥሎ። እማማ ከታች ሆነው ያዝዙታል።

«ወደ ግራ! ወደ ግራ እኮ ነው የምልህ!»

«እማማ፣ ሥራውን ለቅቄ ለእርስዎ ልስጥዎት?»

«ጉልበቴ ቢፈቅድማ ይሄኔ ጨርሼልህ ነበር።»

ከምሰሶው ጀምሮ እስከ ቤቱ መረመረው። «እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። እዚህ ግድግዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው የሚጠፋው። ያ ክፍል የማን ነው?»

«የልጄ ነው!» አሉ እማማ፣ በኩራት ወደ እኔ እየጠቆሙ። «ግባና እይ።»

ሁለቱም ጠበቁኝ።

«ተቆልፏል... ቁልፉ ባለቤቴ ጋ ነው» አልኩ።

ቁልፉ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር። ጨብጬው ነበር የቆምኩት። መዳፌ ላይ ምልክቱ ወጥቷል።

«እንግዲህ ውስጡ አርጅቶ ነው የምለው» አለ ሠራተኛው። ሄደ። እማማ ደግሞ እኔን ያጽናኑኛል! «አይዞሽ፣ አንቺ ምን ታደርጊ።»

ጥቅምት 15

እሁድ። እቴቴ ደውለው ይሆናል። የማያነሳው የእኔ ቁምሳጥን ነው።

ጥቅምት 17

ልብስ ላወጣ ቁምሳጥኑን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። የትናንቱን ለብሼ ወጣሁ።

ጥቅምት 19

ተጠራን። ስልክ ቢሮ፣ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ሰው ሳታይ ነው የምታወራው።

«መስመሩ አርጅቷል። እሱ ይዘጋና አዲስ ይገባልዎታል። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

እማማ እስክሪብቶውን አነሱ። ደስ ብሏቸዋል። «ቁጥሬ ያው ነው አይደል?»

«አይ፣ ቁጥሩም አዲስ ነው።»

«እሱማ አይሆንም።»

«ለሚደውሉልዎት ሰዎች ይነግሯቸዋላ እማማ።»

«የምትደውልልኝ አንዲት ናት። ቢነገራት አይያዝላትም።»

«እንግዲህ አሮጌ መስመር አንጠግንም። የተቆረጠበት ቦታ ቢታወቅ ኖሮ መቀጠል ብቻ ነበር። አልተገኘም።»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ አስረጃት እስቲ። አንቺ ይሆንልሻል።»

እንዲህ ሲሉኝ... እንዲህ እያመኑኝ...

«ቆዪ» አልኳት ልጅቷን። «መስመሩ አላረጀም። የተቆረጠው እኔ ቤት ውስጥ ነው። ቁምሳጥን ሳሠራ እኔው ነኝ ቁረጠው ያልኩት። ሠራተኛው የመጣ ቀን ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።»

ከኋላችን የተሰለፉት ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። እማማ ግን አላዩኝም። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠሙና ቀስ አድርገው አስቀመጡት።

«እንግዲያው ያንኑ ይቀጥሉልኝ» አሏት።

ታክሲ ውስጥ በመስኮት ሲያዩ መጡ። ስለ ሹፌሩ እንኳ ምንም አላሉም። በራቸው ላይ ስንደርስ «እርስዎም ደክመዋል፣ ገብተው ይረፉ» አሉኝ።

እርስዎ! በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት... ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ።

ጥቅምት 20

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቁልፉን ደግሞ እኔ ላይ ላከክሽው?» ስለ ቁምሳጥኑ አንዲት ቃል አልተናገረም። መዶሻ ፍለጋ ሄደ።

ጀርባው ተሰነጠቀ፣ አንዱ በር ተገነጠለ። ልብሳችን አልጋው ላይ ተከምሯል። ሽቦው እዚያው አለ፣ ሁለት ጫፉ የጣት ርቀት ተራርቆ። ይቺን ለምታህል ነገር...

ጥቅምት 21

ሠራተኛው መጣ። በሩ ላይ ቆም አለና «ቁልፉ ተገኘ?» አለኝ። ይገባኛል። ወደ ሽቦው መራሁት።

ሻይ ሳይቀርብ ሥራው አለቀ። ለመሞከር በሞባይሌ ደወልኩ። ከግድግዳው ማዶ ጮኸ። እማማ አነሱ።

«ይሠራል» ብለው ዘጉት።

ጥቅምት 22

እሁድ። ከምሳ በኋላ ጠበቅኩ። እሳቸውም ከዚያ ማዶ እንደሚጠብቁ አውቃለሁ፤ ወንበራቸው እንኳ አልተንቀጫቀጨም። እስኪመሽ ድረስ አልጮኸም።

ተሠርቶ የለ? እቴቴ ለምን አልደወሉም?

ጥቅምት 24

አላስቻለኝም፣ በራቸውን አንኳኳሁ። ግቢ አላሉኝም፣ ሂጂም አላሉኝም።

መጦሪያው ጋ ደውለው ጠይቀዋል። እቴቴ ሁለት እሁድ ደውለዋል። እስኪቋረጥ ድረስ ይዘው ይጠብቃሉ አሉ። በሦስተኛው እሁድ ተንከባካቢዋ ወደ ስልኩ ስትወስዳቸው እምቢ አሉ። «እዚያ ቤት ሰው የለም» ብለው።

እማማ ይሄን የነገሩኝ በሩን ተደግፈው፣ ወለሉን እያዩ ነው። «ቁጥሩን የረሳችው እንደሆነ...» ብለው ተዉት።

ስልኩን አስቀጠልኩ ብዬ ትንሽ ቀሎኝ ነበር። ምኑ ቀለለኝ?

«ቅዳሜ ልውሰድዎት» አልኩ። «አውቶቡስ ያቅለሸልሸኛል» አሉ። እሺ ማለታቸው ነው።

ጥቅምት 28

ሄድን። እማማ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ ፌስታል ይዤ በመተላለፊያው በኩል።

መጦሪያው ንጹሕ ነው፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እቴቴ በረንዳ ላይ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። ቁርጥ እማማን! ብቻ ከሳ ያሉ። እማማ ጎንበስ ብለው ሁለት ጉንጫቸውን ሳሙ፣ እጃቸውንም ያዙ።

«ማን ናት ይቺ?» አሉ እቴቴ።

«እህትሽ ነኛ!»

«እህቴ ወጣት ናት።»

እማማ ሳቁ። ጥሩ ሳቅ አልነበረም። እቴቴ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ያቺስ?»

«ጎረቤቴ ናት። ስልኬን የቆረጠችው።»

«ምን ሆና ቆረጠችው?»

ሁለቱም ያዩኛል። «ቁምሳጥን ላሠራ ብዬ» አልኩ።

እቴቴ አሰቡበት። ከልባቸው ነው ያሰቡበት። «ታዲያ አማረ?»

«አምሮ ነበር። አፈረስነው።»

«ምስኪን!» ብለው እጄን ያዙኝ። ምስኪን! እኔን! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስንወጣ እማማ ተንከባካቢዋን ወደ ጥግ ጎተቷት። «ነገ ከምሳ በኋላ ስልኩ አጠገብ አስቀምጫት። ደውዪ አትበያት። አትደውዪም አትበያት። ወንበሯን ብቻ እዚያ አድርጊላት።»

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እንቅልፍ ጣላቸው፣ ትከሻዬ ላይ ዘመም አሉ። ሲነቁ ቀና ብለው ሻርፓቸውን አስተካከሉ።

ጥቅምት 29

ሳህን እያጠብኩ ነበር። ጮኸ።

ባለቤቴ ሬዲዮውን ዘጋው። እጄ በአረፋ እንደተሞላ ቆምኩ። ሁለቴ... ሦስቴ... ተነሳ።

ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ረጅም ነበር። ከዚያ በሬ ተንኳኳ፤ እማማ ናቸው፣ ፊታቸው ቀልቶ።

«ደወለች! ‹የት ጠፍተሽ ነበር?› አለችኝ። ‹እዚሁ ነኝ፣ ስልኩ ተበላሽቶ ነው› አልኳት።»

«ማን እንዳበላሸው አልነገሯቸውም?»

«እሷው ነገረችኝ እንጂ! ‹ትናንት ሁለት ሴቶች መጡብኝ› አለች። ‹አንዷ አሮጊት ናት፣ እህትሽ ነኝ ትላለች። ውሸታም! እጇ ግን ይሞቃል። ሌላዋ ለቁምሳጥን ብላ የሰው ስልክ የቆረጠች ናት፤ ታሳዝናለች› አለችኝ።»

ሳቁ። ሳቁ ሳቁና ደጃፌ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጄ ገና አልደረቀም።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ።»

ለካ እስከ ዛሬ ይቺን አላልኳቸውም። ስልክ ቢሮ ሰልፍ ፊት ያን ሁሉ ስለፈልፍ፣ ይቺን ብቻ...

«እሱን ለጊዜው ተይው» አሉ። እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ። ፊታቸውን ጠረጉ። «ቅዳሜ ስንሄድ እህትሽ ነኝ አልላትም። እንግዳ ነኝ ነው የምላት።»

«ለምን እማማ?»

«እሁድ ደውላ ታማኛለቻ!»