ገንፎው ያልተበላበት ማሳ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ዓለም፣ ለሻምበል ደምመላሽ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ፣ መንጌ ያለው ጦር የአንዲትን እናት ማሽላ እንዳያጭድ እንድታደርግልኝ ለመለመን ነው። ጉዳዩን ማስቀደሜ ሰላምታህን አቅልዬ አይደለም። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? የአዲስ አበባው ትምህርትስ፣ ብርዱስ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነኝ። ባምባሲ ያሉት እናታችንም ደኅና ናቸው፤ ዘንድሮ ዝናቡ ሰፈራችንን አልበደለም።

የዓብዱልባሲጥን እናት አትረሳቸውም፤ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አጥር ሥር የሚያርሱት፣ ልጃቸው ጫካ ከገባ ሁለት ዓመት የሆነው ናቸው። ከመዛወርህ በፊት «ደካሞችን በአረም እርዱ፤ የሕዝብ እህል ግን አትቅመሱ» ብለህ ባወጣኸው መመሪያ መሠረት፣ በነሐሴ ወር፣ አሥራ ስድስት ወታደሮች ማሳቸውን በግማሽ ቀን አረሙላቸው። አንድ አገዳ አልሰበሩም። እናቲቱም ገንፎ በባሚያ ወጥ ይዘው መጡ። ወታደሮቹ ልጆች መመሪያህን አክብረው አንቀምስም አሉ። ገንፎው ጎረቤት እያየ በእናቲቱ ራስ ላይ ተመልሶ ሄደ።

ደቦ ለእኛ ለሰፋሪዎችም አዲስ አይደለም፤ አብሮ የሠራ አብሮ ይበላል። ሠርቶ ያልበላ ግን፣ ጎረቤቶቻቸው እንደሚሉት፣ ወይ የማሳው ጌታ ነው ወይ ቂመኛ። ስለዚህ ማሳው የወታደር ሆኗል ተባለና ለአጨዳ የሚመጣ ጠፋ። ጎረቤታቸው ዐብዱልቃድርማ አጫጆችሽ ክላሽ ታጥቀው ይመጡልሻል፣ እኛን ምን አስጠራሽ እያሉ ያሾፉባቸዋል። አንተን የተካው መቶ አለቃ ይህን ሲሰማ፣ በቅንነት፣ እኛው እናጭድላቸዋለን አለ። ያን ጊዜ ነው እናቲቱ፣ ወታደር ካጨደውማ ወሬው እውነት ሆነ ማለት ነው ብለው፣ ወደ እኔ የመጡት።

ባለፈው ደብዳቤህ የሕዝቡ ልብ ወደ እኛ ዞሯል ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። መልሱን ከእርሳቸው ስማ፦ «ወታደሩ ማሽላ አረመ፣ አላህ ይስጠው። ልብ ግን ልጄ ጋ ነው ያለው። እሱን በአረም አይወስድም።»

ውለታ ቢስ ናቸው ብለህ አትፍረድባቸው። አንተ ግንባር በነበርክባቸው ዓመታት፣ ማንም ስንዴ ቢሰፍርላቸው እናታችን ልባቸውን ከአንተ ያነሡ ነበርን? የልጆቹ ደግነት እውነተኛ ነው፤ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ከደግነት ሊጠየቅ የማይገባውን እየጠየቅነው ይመስለኛል።

ለባለቤትህ ለሃኒ፣ ለትንሹ ወሰን፣ አብራችሁ ላሉት ለአክስታችን ለሸዋሉል ናፍቆቴንና ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እናቲቱ ለኅዳር 20 ጎረቤቶቻቸውን በራሳቸው አንደበት ሊጠሩ ቆርጠዋል። ለመቶ አለቃው ሁለት ነገር ጻፍለት። በዚያ ቀን ወታደር በማሳው አጠገብ አይታይ። ከዚያ በፊት ደግሞ ካረሙት መካከል ሦስቱ ያለ መሣሪያ ወደ እናቲቱ ቤት ይሂዱና የሚቀርብላቸውን ገንፎ ይብሉ፤ መመሪያው በስምህ ስለወጣ፣ አንተ ካልፈቀድክ አይቀምሱም። ወረቀትህ እስከ ኅዳር 12 መንጌ ይድረስልኝ።

እህትህ የዝና
መንጌ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1989 ዓ.ም.