ደክመሃል፣ ና ውጣ

ቅዳሜ፣ መስከረም 24። ከምሽቱ 1 ሰዓት።

አራት ለአንድ። ጫማዬን በር ላይ ጥዬ፣ እጄን እንኳ ሳልታጠብ ነው የምጽፍልህ፣ ደብተሬ። ሰብለ ራት ቀርቧል ትላለች። አልበላም። አራት ለአንድ፣ በዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ፣ አምና አምስት ባገባንባቸው የሃሚልተን ልጆች።

ከአራቱ ሦስቱ የመጡት ከአንድ ቦታ ነው። ከገዛ በረኛችን እግር። በሦስት ተከላካይ ብቻ ቆመን፣ ኳስ ከኋላ መሥርተን እንወጣለን የሚባል ነገር ተጀምሯል። በረኛችን ቀን ቀን ጣራ ይሠራል። ጎበዝ ልጅ፤ እጁ አይስትም። እግሩ ግን የራሱ አይደለም። ጠልዘው፣ ጠልዘው እያልኩ ጉሮሮዬ ተላጠ። አይጠልዝም። ተከልክሏል።

የከለከለው አሰልጣኛችን ናታን ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ። እዚሁ ቶሮንቶ የተወለደ። ከዚህ በፊት የሕፃናት ቡድን እንኳ ይዞ አያውቅም። የሁለት ቅዳሜ ኮርስ ወስዶ ወረቀት ሲያመጣ የቤ/ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ወጣቱን እናበረታታ ብለው ቡድኑን አስረከቡት። ከዛሬ ወዲህ ስሙን ሙሉ አልጽፍልህም። ና. ይበቃዋል።

እሱም ይሁን። ሰው ይሸነፋል። ያ ነገር ግን አይዋጥልኝም።

ጋሽ ታደሰ። ቡድኑን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው፤ ታክሲ እየነዱ፣ ልጆቹን ከከተማው ዳርና ዳር፣ ከፓርክዴልም ከስካርቦሮም እየለቀሙ፣ ማሊያውን ቤታቸው ወስደው እያጠቡ። አሁን ሃምሳ ስምንት ሞልቷቸዋል። መጨረሻ ላይ ሃያ ደቂቃ ይገባሉ። ያልተጻፈ ሕግ ነው፣ ማንም ነክቶት አያውቅም። ዛሬ ገብተው ትንሽ እንደሮጡ ና. ከመስመሩ ላይ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ። ደክመሃል፣ ና ውጣ።

ለጋሽ ታደሰ! በሰው ፊት! ደክመሃል፦ አንድም አርጅተሃል ነው፣ አንድም ከእንግዲህ አትረባም። ላዩ ላይ አንተ። ላዩ ላይ ና። ላዩ ላይ ውጣ። ውሻ እንኳ እንዲህ አይባረርም። ሃሚልተኖቹ አበሾች ናቸው፤ ሰምተዋል። ጋሽ ታደሰ የአምበልነቱን ጨርቅ ከክንዳቸው ፈትተው ሣሩ ላይ አስቀመጡ። ወደ መኪናቸው ሄዱ። ጨዋታው እስኪያልቅ እዚያው ተቀመጡ፣ ሞተር አስነሥተው፣ የትም ሳይሄዱ።

ይባረር። ሌላ ቃል የለኝም።

እሑድ፣ መስከረም 25። ከቤ/ክ መልስ።

ስብከቱ ስለ ትዕግሥት ነበር። ሆን ተብሎ ነው።

ከአምልኮ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ። ይቆይ የሚሉት፦ ልጁ ጀማሪ ነው፣ አንድ ሲዝን ለማንም አይበቃም፣ ወጣቶቹን ከየቤታቸው ጎትቶ አመጣ፣ ልምምድ በሰዓቱ ተጀመረ። ይሄ የመጨረሻው እውነት ነው፤ ድሮ ለልምምድ ስድስት ሰው ከመጣ እልል ነበር። ግን አሁን እሱን የምናገርበት ጊዜ አይደለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አለችኝ አንዷ እህት። እንቁላሉ እስኪሄድ እኛ ከሊጉ እንወርዳለን አልኳት። ተቀየመችኝ። ትቀየም።

እኔም ተረት አላጣሁም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ና. ሦስት መኪና አልፎ ቆሞ እያለ። ዞር ብሎ ፈገግ አለልኝ። እጁንም አነሣልኝ። አልገባውም! የሰደብኩትን ሰው ሰላም ማለት ግድ ሆነብኝ። ቤት እስክደርስ ስንጨረጨር ነበር።

ሊቀመንበራችን ወንድም ግርማ፦ ጥቅምት 8 ስብሰባ ይጠራል፣ ድምፅ ይሰጣል፣ እስከዚያ እንጸልይበት። እንጸልይበት እኛ ጋ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። አይሆንም ማለት ነው፣ በጨዋ አነጋገር። ያሁኑ አይሆንም ለልጁ ይሁን ለእኛ ግን ግርማ ራሱ የሚያውቅ አልመሰለኝም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 27።

ሆስፒታል ለበሽተኞች ሳስተረጉም ዋልኩ። የአስተርጓሚ ሕግ አጭር ነው። አትጨምር፣ አትቀንስ፣ እሳቸው እንዲህ ይላሉ አትበል። እማማ አመመኝ ካሉ አንተም አመመኝ ትላለህ። ቀኑን ሙሉ ስኳሬ፣ ጉልበቴ፣ ማሕፀኔ እያልኩ ዋልኩ።

በምሳ ሰዓት ለደጋፊዎች ግሩፕ ረጅም ነገር ጻፍኩ። ኳስ የማያውቅ ይማራል፣ ሰው የማያከብር ግን ሰው አይሰጠውም፤ የእኛ ቡድን የልጅ መለማመጃ አይደለም፤ ልጅ ያቦካው ወዘተ። ልብ በልብ አደረጉት። ስብሰባው ላይ ይነበብ ተባለ። ይነበብ!

ማታ ለሰብለ አነበብኩላት። ሰሐን እያጠበች አዳመጠችኝ። እጇን አድርቃ ስታበቃ፦

«ልጅህ እናትህን በስልክ ‹ደህና ነሽ? በላሽ?› ስትላት ትስቃለህ። ላገኘኸው ሁሉ ታወራለህ። የሰው ልጅ ሲለው ነው ስድብ የሆነው?»

የእኛ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ና. ጢም አለው አልኳት። መልስ ነው? መልስ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 3።

እዚህ በዓል ነው፣ ሥራ የለም። ጋሽ ታደሰ ቤት ሄድኩ፣ ኖርዝ ዮርክ። ስብሰባው ላይ ራሳቸው ይናገሩ፣ ልጁን ባፍጢሙ ይድፉት ብዬ። ሻይ ቀረበ። ስለ ጉልበታቸው አወሩ። ስለ ግራ ተከላካያችን አወሩ፤ ወደፊት ሄዶ መመለስ ይረሳል። ስለ ቅዳሜው ምንም።

ስወጣ በሩ ላይ ክንዴን ያዙኝ። ደክመሃል ነው ያለኝ አይደል፣ በደንብ ሰምቼዋለሁ? አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የኳስ ጫማቸው በሩ ሥር ተቀምጧል፤ ጭቃው ደርቆበታል። እኚህ ሰው ጫማቸውን ሳይጠርጉ አድረው አያውቁም። እኛንም በዚህ ስንት ጊዜ ተቆጥተውናል።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዞር ዞር ብላ አየችኝ። ለካ ብቻዬን እያወራሁ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7።

ግርማ ደወለ። ና. አማርኛው ለስብሰባ አይበቃውም፤ አዛውንቶቹ ደግሞ እንግሊዝኛው ሲፈጥን አይከተሉትም። ስለዚህ አንተ ተርጉምለት። እኔ! ከሳሹን ነው የምታዘው አልኩት። ሌላ ፕሮፌሽናል የለንም እኮ ወንድሜ አለኝ። አይሆንም አልኩ። እንጸልይበት አልኩ! እሱም ገባው፣ ሳቀ።

ካልሆነ እናቱ ትተረጉምለታለች አለ። እዚህ ላይ ያዘኝ። እናቱ ከተረጎመችለት በእንባ ነው የምትተረጉመው። አንድ አረፍተ ነገር ሳይጨርስ አዳራሹ ሁሉ መሐረብ ያወጣል። እሺ አልኩ። እኔ ከተረጎምኩት ያለውን ብቻ ነው የሚሰሙት፤ ያለው ደግሞ ይበቃዋል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ስብሰባው እንዳለቀ።

በቅደም ተከተል ልጻፍልህ።

የቤ/ክ ምድር ቤት። ወንበር አልበቃም። ና. ሸሚዝ ለብሶ መጥቷል። እናቱ ከኋላ። ጋሽ ታደሰ ከፊት፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ። እኔ ከና. ጎን፣ ጉልበት ለጉልበት።

መጀመሪያ ክስ። ግሩፑ ላይ የጻፍኩትን አንዱ ተነሥቶ አነበበው። አስበው እስቲ። የራሴን ስድብ ለተሰዳቢው በጆሮው እየተረጎምኩ። ልጅ ያቦካውም ነበረበት፤ ተረጎምኩት። ና. ቀና ብሎ አየኝ። መኪና ማቆሚያው ላይ ያልከኝ ይሄን ነበር እንዴ አለኝ በእንግሊዝኛ። አስተርጓሚ በራሱ ስም አይመልስም። ፊቴ ግን ጋለ።

ከዚያ የእሱ ተራ። ስለ በረኛው ጠየቁት፤ ቸኩያለሁ ብሎ አመነ። ስለ ሦስቱ ተከላካዮች ጠየቁት፤ ተሟገተ። ሁሉንም በእሱ ፋንታ «እኔ» እያልኩ። በሦስት ተከላካይ አምናለሁ አልኩ፣ እኔ፣ በዚህ አፌ! የእኔ ወገኖች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ከዚያ ወደ ጋሽ ታደሰ ዞረ። ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቀም። የሰው ድፍረት። አጭር ነገር ነው ያለው፤ መድከማቸውን አይቶ እንዳስወጣቸው፣ ነገም ቢሆን እንደሚያስወጣቸው። ግን በእንግሊዝኛ ነው። «ዩ» ነው ያለው። ዩ ውስጥ አንተም የለም፣ አንቱም የለም። ራቁቱን መጣልኝ፤ ልብሱን የማለብሰው እኔ ነኝ።

ይሄን ስማኝ። አንተ ብል ሐሰት አይሆንም። ልጁ ራሱ በሜዳው መሃል አንተ ብሏቸዋል። አንዲት ፊደል፤ ደክመህ ልበል፣ ደክመው ልበል። ደክመህ ካልኩ አዳራሹ ይነሣበታል፣ ያልቅለታል፣ ሁለት ሳምንት የለፋሁበት ይሞላል። ሁሉ አፍ አፌን ያያል። አፌን ከፈትኩ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ደክመው ነበር። አየሁዎት። ስለዚህ አስወጣሁዎት። ነገም ቢደክሙ አስወጣዎታለሁ።»

የወጣው ይሄ ነው። መርጬ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ፊት የተናገርኩበት ምላስ ነው፤ አልታዘዝ አለኝ።

ጋሽ ታደሰ ልጁን አዩት። እኔን ዞር ብለውም አላዩኝ።

«እውነቱን ነው» አሉ። «ደክሜ ነበር።»

ድምፅ ተሰጠ። ይውጣ ለሚለው እጄን አነሣሁ። አዎ፣ አነሣሁ! መተርጎሙ ሥራዬ ነው፣ ድምፁ የእኔ ነው። ጋሽ ታደሰ ይቆይ ለሚለው አነሡ። አዛውንቱ ሁሉ ተከተላቸው። አንድ ሲዝን ተጨመረለት።

በገዛ ምላሴ ተሸነፍኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9።

ግሩፑ ነድዷል። ማር ቀብተህ አቀረብክለት ይሉኛል። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም ብዬ ጻፍኩ። ታዲያ አንቱውን ከየት አመጣኸው? አለኝ አንዱ። ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። ከየት አመጣሁት? ልጁ አላለውም። እንግሊዝኛው አላለውም። እኔ ነኝ ያልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሌላም አለ፣ እሱ ይብሳል። ዛሬ ከአምልኮ በኋላ ምድር ቤት ሻይ ላይ የና. እናት ከኋላዬ ነበረች። ልጇን ትጠራዋለች። ና። ብላ። ያን ወንበር አምጣ። ተቀመጥ። ከዚያ ፊቱን አየችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«ደክመሃል። ና፣ ቤት እንሂድ።»

ሻዩ እጄ ላይ ቀረ። ልጁ የሚያውቀው አማርኛ የተነገረውን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ማን አንቱ ብሎት ያውቃል? ደክመሃል ለእሱ ስድብ አይደለም፤ እናቱ ስታዝንለት የምትለው ነው። ያችኑ የእናቱን ደግ ቃል አንሥቶ ጋሽ ታደሰ ላይ ጮኸ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ሰማሁ፣ ቋንቋ እንጀራዬ የሆነ ሰው፣ አልሰማሁም።

ይሄን ሳስብ ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ። የምናደድበትን ነገር ቀማኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ከሰዓት በኋላ።

ደወለልኝ። ቁጥሬን ማን እንደሰጠው አላውቅም፤ ግርማ ነው የሚሆነው። በአማርኛ ጀመረ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመ። ልምምድ ሲጀመር መስመሩ ላይ ከጎኑ እንድቆም ፈለገ። እጅህን አይቻለሁ፣ ይውጣ ነው ያልከው አለኝ። ታዲያ ለምን እኔን? አልኩት።

«አንተ ስትለው ሰው ሰማኝ» አለ።

አንተ! በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ! ደሜ ፈላ። ልዘጋበት ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ስለ ወጣችው ፊደል ነገርኩት፤ ምን እንዳለ፣ እኔ ምን እንዳልኩለት፣ መጀመሪያ በሜዳው ላይ ያለው ለሰው እንዴት እንደተሰማ። ድምፁ ሌላ ሆነ። ለጋሽ ታደሰ ሄጄ እነግራቸዋለሁ አለ። ብቻውን፣ ያለ አስተርጓሚ።

እሺ፣ የሚመጣው ዓመት ሲደክሙ ምን ብለህ ታስወጣቸዋለህ አልኩት። ደክመዋል አለ። እሱ ያው ሽምግልና ነው አልኩ። ይረፉ አለ፣ ከየት እንዳመጣው እንጃ። ኧረ በጌታ! ሜዳ ሙሉ ሰው ፊት ለሽማግሌ እረፍት አይጮኽም፤ እኛ ጋ አረፉ የሚባለው የሞተ ነው። ታዲያ ምን ልበል አለኝ። እኔም ጠፋኝ። ባለሙያው ጠፋኝ! ቆይቼ፣ ጋሽ ታደሰ ውሃ ይጠጡ በል፣ ይገባቸዋል አልኩት። ደጋገመው። ይጠጡ። ውሃ ይጠጡ። ሰብለ ከጓዳ ሆና ትስቃለች።

እቆማለሁ አልኩት። ይሄው ጻፍኩት፣ ውሳኔዬ ነው። ናታን ነው ስሙ። ግን እንደገና በሦስት ተከላካይ ከገባ፣ መስመሩ ላይ ቆሜ አንቱ ብዬ ነው የምሰድበው። አሁን ይገባዋል።