ጥር በጋ ነው

ጌትሽ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር አልኩና አልሆነልኝም። ደህና ነኝ ብዬም አልዋሽህም፤ አንተ ውሸቴን ገና አፌን ስከፍት ታውቀው ነበር። ደህና አይደለሁም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ላንተ ነው፤ ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ለሚሰበሰበው ሰው ሁሉ እንዲነበብ እሰጠዋለሁ። ለምን እንደሆነ ወረድ ስል እነግርሃለሁ።

ሰፈራችን ሻርሎይስ ያው ነው። ቤታችንም እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የምትጠላውን ቡናማ መጋረጃ ብቻ ቀይሬዋለሁ። አገር ቤትም ደርግ እንዳለ፣ ጦርነቱም እንዳለ ነው። እኔ አሁንም አረጋውያን ቤት እሠራለሁ፤ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ሽማግሌዎቹን አጥባለሁ። ሆላንድኛዬ ተሻሽሏል፣ ብትሰማኝ ግን መሳቅህ አይቀርም። ሞተርህ ታች፣ ከሕንፃው ሥር ባለችው ዕቃ ቤታችን፣ በቤርግንጓ ውስጥ ናት። ፖሊሶቹ ሲመልሷት መሪዋ ትንሽ ጠምሞ አንድ መስተዋቷ ተሰብሮ ነበር። ሌላ ምንም አልሆነችም። አንተ ሄደህ እሷ መስተዋት ብቻ! ስንት ቀን ወርጄ እንደሰደብኳት ብታውቅ።

ያን የሚባለው ሆላንዳዊ ጎረቤታችን መጋቢት በገባ ቁጥር የራሱን ሞተር ያወጣና በራችንን ያንኳኳል። ያንቺንስ አናወጣትም ወይ ይለኛል። ሰሞኑንም መጥቶ ነበር፤ ቆይ ብዬ መለስኩት።

የመጀመሪያውን መሐላህን ታስታውሳለህ? ከሱዳን በመጣን በሁለተኛው ዓመት ነው። አዲስ አበባ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በሞተር ስታመላልስ የኖርክ ሰው፣ ትራም ውስጥ ተጨናንቆ መቆም እስር ሆነብህ። ጎረቤታችን ያን ደግሞ እዚህ አገር ሰው ዊንተር ሲገባ ሞተሩን አጥቦ እንደሚያስቀምጥ ነገረኝ። ዊንተር ያው ክረምት ነው ብዬ በሚካኤል አስማልኩህ፤ በክረምት ሞተር ላትነዳ። ሳታንገራግር ማልክልኝ። ገርሞኝ ነበር።

ጥር ላይ መንገዱ ብርጭቆ መስሎ ሳለ ሞተርህን አስነስተህ ስትወጣ በመስኮት አየሁህ። በነጠላ ጫማ እየጮህኩ ደረጃውን ወረድኩ። አንተ የሄልሜትህን መስተዋት ከፍ አድርገህ፣ «ጥር እኮ በጋ ነው» አልከኝ። ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ የማልኩትም ለሐምሌ ነው። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? የባሰው ደግሞ ሐምሌ ሲመጣ! ፀሐይ ወጥታ ሆላንድ በሙሉ በሞተር ሲንሸራሸር፣ አንተ የራስህን ሸፍነህ ሁለት ወር በእግርህና በትራም ተጓዝክ። መሐላ አለብኝ ብለህ ለያን ብታስረዳው ጭራሽ ግራ ገባው። እኔ ግን ያኔ ገባኝ፤ አንተ ቀልደኛ ነህ እንጂ ቃልህን የምታጥፍ ሰው አይደለህም።

በሦስተኛው ዓመት አልተሞኘሁም። ከኅዳር እስከ የካቲት ብዬ፣ ወሮቹን በስም እየጠራሁ አስማልኩህ። እጅህን ሰጠህ። ጎረቤታችን ቤርግንጓ ድረስ ወርዶ እያሳየህ፣ እኔ መብራት ይዤላችሁ፣ አንድ በአንድ አደረግከው። የመንገዱን ጨው ከላይዋ አጠብክ። የነዳጅ ማጠራቀሚያዋ እንዳይዝግ ቤንዚን ሞላኸው፣ ከካርቡሬተሩ ግን ጠብታ ሳታስቀር አፈሰስከው። እሳት የምትጭረውን ካንዴላዋን ፈትተህ በቀዳዳው አንድ ማንኪያ ዘይት ጨመርክ። ጭስ ማውጫዋን እርጥበት እንዳይገባው ባሮጌ ካልሲህ ወተፍከው፤ ባትሪዋን አውጥተህ ኩሽና ውስጥ ከበርበሬው ዕቃ ጎን አስቀመጥክብኝ። በመጨረሻም ያንን የተተለተለ ጋቢህን አለበስካት። በዚያው ቀን አገር ቤት ላሉት እናትህ ካሴት ቀረጽክላቸው፤ ይኸው ከሞተር ወረድኩ፣ ሚስቴ በሚካኤል አሰረችኝ ብለህ። ድምፅህ ውስጥ ኩራት ነበር።

አሁን ወደዚያ ጠዋት ልሂድ። ሦስት ዓመት ስዞረው ኖሬያለሁ።

ዝናቡ መሬት ሲነካ በረዶ የሚሆንበት ጠዋት ነበር። ትራም አይወጣም ተባለ። ሥራ ከገባሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ አንዴ አርፍጄ ተቆጥተውኛል። አንተ ደግፌሽ በእግር እንሂድ አልክ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሞተሯን አውጣ አልኩህ። ምያለሁ እኮ ስትለኝ የገዛ ቀልድህን መለስኩብህ። «ጥር እኮ በጋ ነው» አልኩህ፣ እያሳቅኩህ። ሳቅክ። ያስማልኩህ እኔ፣ የፈታሁህም እኔ ብዬ ጨመርኩበት። ባትሪዋን ከኩሽና ተሸክሜ የወረድኩት እኔ ነኝ። ካልሲውን ከጭስ ማውጫዋ የመዘዝኩት እኔ ነኝ። አንተ የፊት ጎማዋን በአውራ ጣትህ ጫን አድርገህ፣ ትንፋሿ ጎድሏል፣ ቆይ ልንፋት አልክ። ረፈደብኝ ብዬ ጮህኩብህ። ፓምፑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አየት አደረግከውና ተውከው።

እግሮችህን ግራና ቀኝ መሬት እያስነካህ፣ ቀስ ብለህ በሰላም አደረስከኝ። በር ላይ ጓንትህን አውልቀህ ጉንጬን ነካኸኝ፤ እጅህ ሞቃት ነበር። የወደቅከው ስትመለስ ነው፣ ከወደቡ ድልድይ መታጠፊያው ላይ። እኔ የአንዲት አሮጊት ፀጉር እያበጠርኩ ሳለ ጠርተው ነገሩኝ።

ለቅሶው ላይ ሰው ሲንሾካሾክ ሰማሁ። በሚካኤል ምሎ፣ መሐላውን አፍርሶ፣ ይኸው ተባለ። አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። አንዷ ወዳጃችን እንዲያውም አቅፋኝ፣ አንቺማ ስንት ለመንሽው፣ አልሰማሽም እንጂ አለችኝ። እኔም አቀፍኳት። መርዶውም ለእናትህ እንዲሁ ተነገራቸው። ካሴታቸው ሲመጣ ሳምንት ሙሉ ሳልከፍተው አቆየሁት። ከሰማሁት በኋላ ደግሞ እንቅልፍ የለኝም። ልጄን ከሞተር ያወረድሽልኝ አንቺ ነበርሽ፣ እሱ ነው ያላወቀበት እያሉ ይመርቁኛል። በየወሩ በአሥራ ሁለት ከሚካኤል ደጅ እየሄዱ፣ የልጄን መሐላ ማርልኝ ብለው ይንበረከካሉ። በዚያ በታመመ ጉልበታቸው! አንተ ላላፈረስከው መሐላ እሳቸው ሲንበረከኩ፣ እኔ ምርቃታቸውን እየተቀበልኩ ሦስት ዓመት ኖርኩ። ጌትሽ፣ ይህን እንዴት ይቅር ትለኛለህ? እኔ ብሆን ይቅር አልልም።

በየኅዳሩ ወርጄ እንዳየሁት አደርጋለሁ። አጥባታለሁ፣ ሰንሰለቷን እቀባለሁ፣ ካልሲውን እመልሳለሁ፣ ጋቢህን አለብሳታለሁ። የፊት ጎማዋን ግን እስከ ዛሬ ነክቼው አላውቅም ነበር። እጄ አይሄድልኝም።

ትናንት ለእናትህ ካሴት ቀረጽኩ። አራት ጊዜ አጠፋሁት፤ በአምስተኛው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ዛሬ ጠዋት ፖስታ ቤት አስገባሁት። ይረግሙኝ ይሆናል፤ ይርገሙኝ። ላንተ ይቅርታ ሲለምኑ እንዳይውሉ ብቻ ነው የምፈልገው። እናንተም እሑድ ይህን የምትሰሙ ሁሉ ስሙልኝ፤ ጌታሁን ቃሉን አላጠፈም። ያሳጠፍኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ስሙ በተነሣበት ሁሉ፣ እኔ ባለሁበትም በሌለሁበትም፣ እንዲህ ተብሎ እንዲነሣ እለምናችኋለሁ።

ከፖስታ ቤት ስመለስ ወደ ላይ አልወጣሁም። ቤርግንጓን ከፍቼ ፓምፑን ከግድግዳው አወረድኩና የፊት ጎማዋን ነፋሁ። አውራ ጣቴን አላስገባ እስኪለኝ ድረስ ነፋሁ። ከዚያ ሰዓቴን አየሁ። ለመንፋት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም፣ ጌትሽ። አንተንም፣ እነዚያን ሁለት ደቂቃዎችም፣ በሕይወት እስካለሁ አልረሳም።

ሚስትህ አስካለ