ለአሥረኛዋ ዝንብ ስም ሲጠብቁ የኖሩት የአቶ ታዳኖሪ ሺኖሃራ የሕይወት ታሪክ

አቶ ታዳኖሪ ሺኖሃራ ከአባታቸው ከከሰል አክሳዩ ከአቶ ኩማኪቺ ሺኖሃራና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቶሜ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1940 በሺኮኩ ደሴት፣ በኢያ ሸለቆ ተወለዱ። ይህን የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ኪኑዮ ነኝ። ከወንድሜ አፍ ደግ ቃል ሰምቼ ስለማላውቅ እኔም ዛሬ ዋሽቼ አላሞግሳቸውም።

በመንደሩ ትምህርት ቤት ሁልጊዜ አንደኛ ይወጡ ነበር፤ ሁለተኛ የሚወጣውንም ልጅ ሁለተኛነቱን በየቀኑ ያስታውሱት ነበር። በ1963 በነፍሳት ጥናት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው በአንድ ቤተ መዘክር ተቀጠሩ። በ1968 ወይዘሮ ሱሚዬን አገቡ። ልጅ አልወለዱም።

በ1974 ወይዘሮ ሱሚዬ ከፏፏቴው ሥር ምሳ ዕቃ ሲያጥቡ፣ አንዲት ደቃቅ ዝንብ እርጥቡ ቋጥኝ ላይ ትንኝ ወግታ ስትመጥ አዩና በምሳ ዕቃው ክዳን ያዟት። ወንድሜ በአጉሊ መነጽር ሲመረምሯት እስከዚያ ቀን ማንም ያልመዘገበው የአዳኝ ዝንቦች ወገን ሆና ተገኘች። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ዘጠኝ ዓመት ወንዝ ለወንዝ ዝንብ ለቀሙ። ዓይነታቸው የሚለየው በወንዱ ብልት ቅርጽ ስለሆነ ወይዘሮ ሱሚዬ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ብልት በብዕር ሣሉ። የሸለቆው ሴቶች «ሱሚዬ፣ የባልሽንስ እንዲህ አጥንተሽው ታውቂያለሽ?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

በ1983 ወንድሜ የዘጠኙን ዝንቦች መግለጫ በራሳቸው ስም አሳተሙ። አንዷን በቤተ መዘክሩ ኃላፊ፣ አንዷን በከንቲባው፣ አንዷን በአውቶቡሱ ሹፌር፣ አንዷን በጥርስ ሐኪማቸው ስም ሰየሙ። ዘጠነኛዋን በውሻቸው ስም ሰየሟት። ወይዘሮ ሱሚዬ በእሳቸው ስም የተሰየመችው የት እንዳለች ሲጠይቁ ወንድሜ ቀና እንኳ አላሉም።

«በቤት ሰው አይሰየምም። ሰው ይስቅብኛል።»

ውሻው የሚያድረው ከደጅ ነበር።

በዚህ ሙያ ማንም በራሱ ስም አይሰይምም፤ ሌላ ሰው ሊያስብለት ይገባል። ወንድሜ ተማሪዎቻቸው እንዲያስቡላቸው አርባ ዓመት ጠበቁ። ጽሑፋቸው በቀይ ቀለም ተዠጎርጉሮ ሲመለስላቸው የኖሩት ተማሪዎች ግን አላሰቡም።

በ2022 የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። በዚያው ዓመት ወይዘሮ ሱሚዬ በሰባ ስምንት ዓመታቸው እዚያው ፏፏቴ ሥር አሥረኛዋን አገኙ። መግለጫውን የጻፉትም ወይዘሮ ሱሚዬ ራሳቸው ናቸው። ወንድሜ ተኝተው ሥዕሉን አረሙ፤ የእግሯን ፀጉር ሁለት ጊዜ አስቆጠሩ። የስሙ ቦታ ብቻ ባዶ ነበር። ለምነው የማያውቁት ሰው «ሱሚዬ፣ እባክሽ፣ በእኔ ስም አድርጊው» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ወይዘሮ ሱሚዬ ቲማቲም የሚመስለውን ጣፋጭ የጓሮ ፍሬ ልጠው አጎረሷቸው።

መጽሔቱ ጥቅምት 29 ቀን 2023 ደረሰ። አሥረኛዋ ዝንብ የተሰየመችው ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ በሚሸጡት በአቶ ሳዳኪቺ ስም ነው፤ አንድ ቀን በዝናብ ለወይዘሮ ሱሚዬ ጃንጥላ አውሰዋቸው ነበር። አቶ ሳዳኪቺ ዛሬ ከለቀስተኛው ኋላ ተቀምጠዋል፤ ይህን የሚሰሙት ገና አሁን ነው። ወይዘሮ ሱሚዬ ገጹን ከወንድሜ ዓይን ፊት ይዘው ቀስ ብለው አነበቡላቸው።

«በቤት ሰው አይሰየምም» አሉ። «ሰው ይስቅብኛል።»

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ደስ አለኝ፤ ከዚያ የወንድሜን ፊት አየሁና በደስታዬ አፈርኩ። እሳቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ኅዳር 2 ቀን እንደዞሩ አረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸው፣ እህታቸውና ዘጠኝ ዝንቦች ቀርተዋል። በወጋችን ለሟች አዲስ ስም የሚያወጡት መነኩሴ «በስሙ ውስጥ ስለ እሳቸው ምን ላስገባ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ወይዘሮ ሱሚዬ «እንደመሰልዎ» ብለው ሻይ ቀዱላቸው። እንግዲህ ለወንድሜ በመጨረሻ ስም ያወጡላቸው አንድም ቀን አይተዋቸው የማያውቁ ሰው ናቸው።

ቡድሃ ነፍሳቸውን በዚያ ስም ጠርቶ ያሳርፍልን፤ በሌላ ስም የሚጠራቸው የለምና።