የመጀመሪያው ዘፋኝ

ሴቻ፣ ጥር 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ሸዋንዳኝ፣ ባሕሩም መርከቡም ሰላም ይሁኑልህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ከሃምቡርግ የላክኸው የሄቪ ሜታል ካሴት ደርሶናል፤ ባንዱ ዘፋኝ የቀየረበት አልበም። ጓደኛህ ካሱ ከሲቀላ መጥቶ አብረን ሰማነው። እሱ አዲሱን ዘፋኝ ጭራሽ አልወደደውም፤ "ያለ ድሮው ሰውዬ ምን ባንድ አለ?" አለኝ። እኔም ተናድጄ "ድምፁ ያለቀ ሰው ማይኩን ለወጣት ለቆ ይሂድ!" ብዬ ጮህኩበት። አባባ በረንዳው ላይ መቀመጣቸውን ያየሁት ከጮህኩ በኋላ ነው።

ዘንድሮ ለጥምቀት ማኅሌቱን የመራው ተማሪያቸው ጌታነህ ነው። መሪጌታው አባታችን መቋሚያቸውን ይዘው ከኋላ ዝም ብለው ሄዱ። ሰው ሁሉ የጌታነህን ድምፅ ሲያደንቅ ቀና ብዬ እሳቸውን ማየት አፈርኩ።

አባባ ጉንፋን ነው ይላሉ። ከመስከረም ጀምሮ አንገታቸውን በነጠላ ጠምጥመው ነው የሚውሉት። እማዬ የላንቴ ሙዝ እየደፈጠጠች ታበላቸዋለች።

ትናንት የባንዱን የድሮ ካሴት፣ የመጀመሪያው ዘፋኝ ያለበትን፣ አስከፈቱኝ። ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አስጠግተው፣ "ይሄ ትንፋሽ ነበረው" አሉ በሹክሹክታ። ቀጥለውም፣ "አሁን የት ነው ያለው?" ብለው ጠየቁኝ።

ፈቃድህን ወደ ፋሲካ ማምጣት ብትችል ጥሩ ነበር፤ ምንም ሆነን አይደለም። ስለ ሰውዬው ግን ቶሎ ጻፍልኝ። ካላወቅህም፣ ሌላ ቦታ እየዘፈነ ነው ብለህ ጻፍ፤ አነብላቸዋለሁ።

እማዬ ትስምሃለች። አባባም እጃቸውን ዘርግተው መርቀውሃል።

እህትህ ፅዮን